ለአዲሱ ኃላፊ ያማረ አማርኛ

ክልሉ ገና በተቋቋመበት ሰሞን ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ አሶሳ እንደገባሁ፣ አዲስ የቢሮ ኃላፊ ሊመጡ ነውና የእንኳን ደህና መጡ ንግግር አዘጋጅ ተባልኩ።

የጻፍኩት ሁሉ ደረቀብኝ። እኔ ሰው የሚያመሰግንልኝን አማርኛ የጻፍኩት አገሬ ሳለሁ፣ በዕድራችን ሰው ሲሞት ለቀብር በሚነበበው የሕይወት ታሪክ ላይ ብቻ ነው። ያማረ ቃል መቼም ያማረ ነው ብዬ ከዚያው ቀዳሁ። የኃላፊውን ስም በደንብ ስላልያዝኩት «እኚህ ታላቅ ሰው» እያልኩ አለፍኩት።

በማግስቱ ሕዝቡ በቢሮው ግቢ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ፤ ኃላፊውም ከፊት ተቀመጡ። እኔም ድምፄን ለስለስ አድርጌ ጀመርኩ።

«እኚህ ታላቅ ሰው ለራሳቸው ሳይሉ ለወገን የኖሩ፣ ደግነታቸው ከልባችን የማይጠፋ...»

አንድ መምህር ባርኔጣውን አወለቀ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ቃላቱ ሰው ልብ ውስጥ እየገቡልኝ ነው ብዬ ይባስ ድምፄን ረገብ አደረግኩ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብዬ ስጨርስ ያጨበጨበ የለም። አንድ የበርታ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሱና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አላህ ይማረው። ልጆቹንም አላህ ይጠብቅ።»

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ።

ኃላፊውም መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ። ከዚያ እንባቸውን በመሀረብ ጠረግ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ወንድሜ፣ ማን ነው የሞተው?»