ለኤቢሴ የቀለጠ እርሳስ

ሞጆ ላይ ጎማ የተነፈሰበት ሹፌር ሁሉ ጎሚስታውን ጋሽ ፈዬራን ያውቃቸዋል። እሳቸው የለጠፉት ጎማ በዚያው ቀዳዳ ዳግም ተንፍሶ አያውቅም ይባላል። ይህን ደጋግመው የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ውሸት ግን አይደለም።

ልጃቸው ኤቢሴ አዳማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ታጠናለች። ሥራዋ ከባቱ ሐይቅ ዳር ባመጣችው ጭቃ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ጨረር መቁጠር ነው። መሣሪያው ግን ስስ ሆነና ከግድግዳውም ከወለሉም የሚመጣውን አብሮ እየቆጠረ አስቸገራት። «በእርሳስ ካልተከለለ አይሆንም» ብላ ለእናቷ ስትነግር ጋሽ ፈዬራ ሰሙ። ጨረርና እርሳስ ሲባል ትዝ ያላቸው ሆስፒታል ነው፤ ራጅ የሚያነሳው ሰውዬ ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ታጥቆ፣ በር ዘግቶ ሲደበቅ። ልጄን እንዲህ ያለ ነገር ፊት አስቀመጧት ብለው ፈሩ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላሉም። ከከባድ መኪና ቸርኬ ላይ የሚነቀሉትን የጎማ ማመጣጠኛ እርሳሶች ከየጎሚስታው ለቃቅመው፣ ከሰል ላይ አቅልጠው እንደ ጡብ አወጧቸው። ኤቢሴ አባቷ ለመሣሪያው የደከሙላት መስሏት አቀፈቻቸው። እሳቸውም አላረሟትም።

አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ አዳማ ሄዱ። መሣሪያው በጡቦቻቸው ተከቦ ተቀምጧል፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ብልጭ ይላል።

«ጭቃው ገብቷል?»

«አልገባም አባባ፣ ባዶ ነው። በጣም ቀንሶልኛል። ይቺ የቀረችው ግን አሁንም ትገባለች።»

ጋሽ ፈዬራ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ቀዳዳ መፈለግ እንጀራቸው አይደል! ጡቦቹን አንድ በአንድ አውርደው፣ ጠርዛቸውን ዳብሰው፣ የላዩና የታቹ መገጣጠሚያ እንዳይገናኝ አድርገው እንደገና ካቧቸው። ቁጥሩ ብልጭ አለ። እንደ ጎማ ውሃ ውስጥ ልንከረው ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

«የእርስዎ ጥፋት እኮ አይደለም» አለች ኤቢሴ። «ይሄ ከሰማይ ነው። ከጠፈር የሚወረወር ነገር አየሩን ሲመታ የሚወለዱ ቅንጣቶች ናቸው፤ ጣሪያውንም እርሳሱንም በስተው ያልፋሉ። ከላይ ሌላ መቁጠሪያ አደርጋለሁ። ሁለቱ በአንዴ ከቆጠሩ የሰማዩ ነው ብዬ እሰርዘዋለሁ። ሥራዬ አይበላሽም።»

«ማሽኑን ተይው!» አሉ ጋሽ ፈዬራ። «አንቺስ፣ ኢንተላ ኮ? አንቺስ ልጄ? እርሳሱን ያቀለጥኩት ላንቺ ነው እንጂ ለብረት ነው እንዴ?»

ኤቢሴ ያን ጊዜ ገባት። እንባዋ መጣ። እርሳስ ሲያቀልጡ የተቃጠሉትን ጣቶቻቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አይጎዳኝም አባባ። ጭቃውም ምንም አያደርገኝ። የሰማዩ ደግሞ ከተወለድኩ ጀምሮ በእኔ ውስጥ ሲያልፍ የኖረ ነው፣ በእርስዎም። አሁንም እያለፈ ነው።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ጋሽ ፈዬራ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። አመኗት፤ ልጃቸው ዋሽታቸው አታውቅም። እንዲያም ሆኖ ባርኔጣቸውን አወለቁና ጭንቅላቷ ላይ ደፉላት። ያ ሁሉ እርሳስ ያላቆመውን አንድ ባርኔጣ እንደማያቆመው ያውቃሉ። ኤቢሴም ታውቃለች፤ እስኪሄዱ ድረስ ግን አላወለቀችውም።