ያልተጠረገው የቡና ሥር

ሸቤ በሚገኘው የእናቴ ግቢ ጠዋት የሚጀምረው በመጥረጊያ ድምፅ ነበር። እናቴ ሱብሂ እንደሰገደች ከደጃፉ ተነሥታ እስከ መጨረሻው የቡና ግንድ ድረስ ትጠርጋለች፤ የዋንዛውንና የብሳናውን ቅጠል ሰብስባ አጥሩ ሥር ታቃጥላለች። በእኛ ሰፈር የሴት ሙያ በወጥ ብቻ አይለካም፤ ቡና ሥር ቅጠል ያስቀመጠች ሴት የጎረቤት መነጋገሪያ ትሆናለች።

ቡናውን የተከለው አባቴ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ የተዳፋቱ አፈር በየክረምቱ እየታጠበ የቡናው ሥር ገጦ ወጣ። ጥር በገባ ቁጥር ቅጠሉ ይጠወልጋል። እናቴ ተስፋ ቆርጣ «ነቅዬ ጫት እተክላለሁ» አለች፤ ችግኝ የሚያመጣላትን ሰውም አነጋገረች። ይህን የሰማሁ ቀን ጅማ መርካቶ ባለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከአባቴ የቀረኝ በእጄ የምነካው ነገር ያ ቡና ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንዲት ደንበኛዬ ስለ ፐርማካልቸር ሥልጠና ነገረችኝ። ስሙ ምላሴን ቢያስቸግረውም ነገሩ ቀላል ነው፤ ውኃው፣ አፈሩ፣ ዛፉና ሰው እንዲጠቃቀሙ አድርጎ ግቢን መንደፍ። መንደፍ ሲሉኝ ልቤ ሞቀ። ጨርቅ ሳልነድፍ ቆርጬ አላውቅም፤ መሬትስ ምን ያቅተኛል አልኩ። ሱቄን እየዘጋሁ ተማርኩ።

ግንቦት ላይ እናቴን ለመንኳት።

«ይሁን፣ ክረምቱን ልታገስሽ» አለች። «ጥር ላይ ከጠወለገ ግን ወላሂ ይነቀላል!»

ሁለት እንጨት እንደ «ለ» ፊደል አቁሜ በሦስተኛው አግድም አሰርኳቸው፤ ከአናቱ ላይ ድንጋይ በክር አንጠለጠልኩ። ክሩ የአግዳሚውን መሐል ሲነካ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው ማለት ነው። በዚያ እየለካሁ ተዳፋቱን በአግድም አሰመርኩና ጎርፉን የሚያቆም ቦይ ቆፈርኩ። መርፌ የለመደ እጄ ውኃ ቋጠረ። ከቦዩ ሥር እንሰትና ሙዝ ተከልኩ።

እስከዚህ ድረስ እናቴ ዝም ብላ ነበር። ጠቡ የተነሣው «ቅጠሉ ለአፈሩ ልብሱ ነውና ከእንግዲህ ቡናው ሥር አይጠረግም» ያልኩ ቀን ነው።

«ኩኒ ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? ምስጥ ልትጠሪብኝ ነው?»

ቅጠሉን ከግንዱ አንድ ክንድ አራቅሁላት። አልበቃትም። እኔ ጅማ ስመለስ ትጠርገዋለች፤ ስመጣ ደግሞ ከየጎረቤቱ ቅጠል ለምኜ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሜ መልሼ እበትናለሁ። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ መጠየቅ አያስፈልግም።

አንድ ቀን የእናቴ እኩያ የሆኑት ሴት ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉና «ይሄ ግቢ ሴት የለበትም እንዴ?» አሉ። እናቴ አንገቷን ደፋች። እሷን ማሳፈሬ አንገበገበኝ፤ ቅጠሉን ግን አላነሣሁም።

ሐምሌ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። በማግሥቱ እናቴ ደወለች።

«ውኃው ቦዩ ውስጥ ቆሞ እየሰረገ ነው። አፈራችን የትም አልሄደም፣ ማሻአላህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረጊያዋ የመጀመሪያው ቡና ጋ ሲደርስ ይቆማል። የጫቱን ነገር ግን አልተወችም፤ ቃሏ ቃል ነው።

ጥር ላይ ሄድኩ። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ለማየት ፈርቼ በር ላይ ትንሽ ቆሜአለሁ። ስገባ ከአጥሩ ወዲያ ያለው የጎረቤታችን ቡና ቅጠሉን ጥሎ ደክሟል፤ የአባቴ ቡና አረንጓዴ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከቅጠሉ ሥር አፈሩን በጣቴ ስነካው ርጥብ ነበር። ኮራሁ። ሱቄን የከፈትኩ ቀን እንኳ እንዲያ አልኮራሁም።

የጫት ችግኙ ሰውዬ ቁርጡን ሊሰማ መጥቶ ደጃፍ ቆሟል። ጎረቤታችንም ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ።

«ያንቺ ቡና ምን ሆኖ ነው ያልጠወለገው?» ሲሉ እናቴን ጠየቋት።

እናቴ ቀና አለች። ሰውዬውንም ጎረቤቷንም አየቻቸው።

«ሴት ስላለበት ነዋ!» አለች። «ልጄ ናት የነደፈችው። አንቺም የጠረግሽውን አታቃጥይ፤ ወዲህ በይው።»