በመቋሚያ የሚሰሙት አጎቴ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ የድጓ መምህር የነበሩት አጎቴ የሁለቱም ጆሮዎቻቸው ታምቡር በጣሊያን ቦምብ ተቀዶ ነበር። ማስተማር ግን አልተዉም። መቋሚያቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ሌላውን ጫፍ ደረቴ ላይ አሳርፈው ዜማዬን ያዳምጣሉ። ዜማውን ሳጣድፈው «አንተ ፍየል፣ ማን አባረረህና ትሮጣለህ?» ይሉኛል።

ኋላ ከመጽሐፍ እንደተረዳሁት፣ ንዝረት በጥርስና በራስ ቅል አጥንት አልፎ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። እዚያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ረቂቅ ፀጉሮችን ያወዛውዛል፤ አንጎል ድምፅ ብሎ የሚቀበለው ይህንኑ ነው። የአጎቴ ውስጠኛ ጆሮ ደህና ነበር።

መንደሩም ከጣሊያን ካሚዮን የሚጠነቀቀው በእሳቸው ነበር። መቋሚያውን መሬት ላይ ተክለው ይነክሱታል፤ ከሉማሜ በኩል ካሚዮን ሲመጣ ከሁላችንም ቀድመው ያውቃሉ። ዛሬ መሬቱን የሚያዳምጥልን የለም።

የሞቱ ዕለት ጠዋት ከአፋፉ ላይ ሆኜ «የኔታ፣ አውሮፕላን!» እያልኩ ጮኽኩ። እጄን ሳወናጭፍ አዩኝና መቋሚያቸውን ተክለው ነከሱ። ጥቂት ቆይተው ከአፋቸው አወጡት።

«አይዞህ፣ መንገዱ ባዶ ነው» አሉኝ።

አውሮፕላን መሬት አይረግጥም። ጣቴን ወደ ሰማይ ብቀስር ኖሮ ይገባቸው ነበር። እኔ ግን እንዲሸሹ ብዬ የጠቆምኩት ወደ ጫካው ነው።