የአስማረ የክርስትና ስም

«ቀያፈርን እስከ ቀትር ያዙ» ነበር ትእዛዙ። ሌላ ቃል አልተጨመረበትም።

ቀያፈር ከአርብ ገበያ ከተማ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቅ ጉብታ ናት። ዛፍ የላትም፤ አፈሯ ቀይ ነው፤ ዛሬ ገብስ ይዘራባታል። ያን ጊዜ ጣሊያን አገራችንን ከወረረ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ከጉብታዋ በስተጀርባ ወደ ቆላ የሚያወርድ ገደል አለ። ቁስለኞቻችንና የሦስት መንደር ሰው ከነከብቱ በዚያ ገደል ይወርዱ ነበር። ጠላት ጉብታዋን ቀድሞ ከያዘ ከላይ ሆኖ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ስለዚህ ቀትር እስኪሆን አንድም ሰው እንዳይወጣባት መከላከል የእኛ ፋንታ ሆነ።

አሥራ ሁለት ነበርን። ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ የተውጣጣን ገበሬዎች ነን። አለቃችን ግዛው የእስቴ ሰው ነው፤ ንግግር አይወድም፥ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ደምሴ የታች ጋይንት ሰው ነኝ። ስለ ራሴ ጀግንነት የምጽፈው ብዙ ነገር የለኝም። ልጆቼ ስለ ጦር ሜዳው ጻፍልን እያሉ ሲነዘንዙኝ ከርመው አሁን ብዕር የያዝሁት ስለ አስማረ ስል ነው።

አስማረ የስማዳ ልጅ ነበር፤ ከወገዳ ገበያ ማዶ ካለ መንደር። ረጅም ነው፥ ትከሻው ሰፊ ነው፥ ክረምት ሲገባ አገሩ ደርሶ የእናቱን ማሳ አርሶላት ይመለሳል። አንድ አዲስ ሰው ከጭፍራችን ሲቀላቀል ሌሎቻችን ስለ ጠመንጃውና ስለ ጥይቱ እንጠይቃለን። አስማረ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው የክርስትና ስሙን ነበር።

የዛሬ ልጆች ይህን እንደ ቀላል ነገር ታዩት ይሆናል። በእኛ ዘንድ የክርስትና ስም እንደዋዛ አይነገርም። እናት ታውቀዋለች፥ የነፍስ አባት ያውቀዋል፥ ከዚያ ወዲያ መተተኛ እጅ እንዳይገባ ይሸሸጋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ያንገራግሩ ነበር። አንዱ «ስሜን ለየትኛው ደብተራ ልትሸጠው ነው?» ሲለው፥ አስማረ «አንተን ማን ይገዛኛል ብለህ ነው» አለው፤ ሳቅን። ዞሮ ዞሮ ሁሉም ነገረው።

እኔንም ጠየቀኝ። ሽንብራ እየቆረጠምን ነበር።

«ደምሴ፥ የክርስትና ስምህ ማነው?»

«ምን ይሠራልሃል?»

«ይሠራልኛል። ንገረኝ ብቻ።»

«ገብረ ጻድቅ።»

ሁለት ሦስት ጊዜ በአፉ ውስጥ ደጋገመው፤ አውራ ጣቱን በሌላው ጣቱ ላይ ጫን አደረገ። እኔም ወደ ሽንብራዬ ተመለስሁ። «የአንተስ?» አላልሁትም። ከአሥራ አንዳችን አንድ እንኳ እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ጎህ ሲቀድ ቀያፈር ላይ ደረስን። ድንጋይ ደርድረን ምሽግ ሠራን። በአንድ ሰዓት ቃፊራችን «መጡ» አለ። ሁለት ሰዓት ላይ መትረየሳቸው ጀመረ። የድንጋዩ ፍንካች ፊታችንን ቧጠጠው። አልተኮስንም። ግዛው «ቀበቷቸው እስኪታይ» ብሎናል። ታየ። ተኮስን። ወደ ኋላ አሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሰው መጡ። በግራ ክንፋችን ሁለት ሰዎች ወደቁ። አራት ሰዓት ላይ አንድ ተጨመረ። ጥይታችን እያለቀ ሄደ። ግዛው ከምሽግ ወደ ምሽግ እየተሳበ «ሳታዩ አትተኩሱ» ይለን ነበር።

አምስት ሰዓት ሲሆን ጥይት ጭኔን መታኝ። ሕመሙ ቶሎ አልመጣም፤ እግሬ ላይ ሙቅ ውኃ የፈሰሰ መሰለኝ። ልነሣ ስል ተንከባልዬ ከምሽጉ ወጣሁ፤ የወደቅሁት ጠላት በሚያየኝ ጎን ነው። ጸሎት የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው። እውነቱን ልናገርና እስከዚያ ቀን ጸሎቴ እንደ ጥይቴ ነበር፤ ጠላት ሲመጣ አወጣዋለሁ፥ ሲሄድ እመልሰዋለሁ።

አስማረ ከምሽጉ ወጣ። ማንም አላዘዘውም። በክንዱ እየተሳበ ደረሰ፥ ጎትቶ ጀርባው ላይ ጫነኝ።

«አንተ ጾም አትጾምም እንዴ? ከበድኸኝ እኮ» አለኝ።

ምሽጉ ውስጥ ጣለኝ። እሱ ከመግባቱ በፊት ጎኑን ተመታ።

ስድስት ሰዓት ላይ ከገደሉ ማዶ ጢስ ታየ። የመጨረሻው ሰው ተሻገረ ማለት ነው። ግዛው «በቃ፥ ውረዱ» አለ። ከታች የወጡ ሰዎች እያገዙን ቁስለኞቻችንንም ሬሳዎቻችንንም ይዘን ወረድን። ጠላት ባዶዋን ጉብታ ያዘ።

እኔና አስማረን ከገደሉ ግርጌ ከዋርካ ጥላ ሥር ጎን ለጎን አስተኙን። አስማረ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። ደሙ እንደማይቆም እሱም እኔም እናውቅ ነበር።

«ደምሴ፥ በጸሎትህ አትርሳኝ» አለኝ።

«እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳህም።»

ፈገግ አለ። «ረጅም ነው እኮ» አለኝ።

«ይሁን» አልሁት።

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። እጁን ይዤ ነበር፤ ሲበርድ ነው ማረፉን ያወቅሁት።

በአሥራ አንድ ሰዓት አራቱንም በቆላው ቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው። ከጭፍራችን ጋር የሚዞሩ ቄስ አየነው የሚባሉ ካህን ነበሩ። ፍትሐት ሲያደርሱ የየሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። የሦስቱን የአገራቸው ሰዎች ስላሉ ነገሯቸው። ከዚያ ወደ አስማረ ዞሩና «የዚህስ?» አሉ።

ሦስት ዓመት ከአንድ ገበታ በልተናል፥ በአንድ ጋቢ ተኝተናል። ግዛው እኔን አየኝ፤ እኔ መሬቱን አየሁ። የእያንዳንዳችንን ስም የሚያውቀው ሰው እዚያ ተጋድሟል፥ የእሱን ግን የሚያውቅ የለም። ቄሱ ጥቂት ጠበቁና «ስሙን አንተ ታውቀዋለህ» ብለው ወደ ፈጣሪ ለምነው ፈቱት።

ቁስሌ እየሻረ ሳለ ቄስ አየነውን ጠየቅኋቸው።

«አባ፥ ላስበው ቃል ገብቼለታለሁ። ስሙን ሳላውቅ ጸሎቴ ይደርሳል?»

«ይደርሳል። እግዚአብሔር ሰው አይጠፋበትም» አሉኝ።

«እንግዲያ ምን ያስጨንቀኛል?»

«የሚያስጨንቅህማ ሳትጠይቀው መቅረትህ ነው። እሱን ደግሞ እግዚአብሔር አይጠይቅልህም፤ ራስህ ሂድና ጠይቅ።»

ጦርነቱ ግን አልለቀቀንም። ከዚያ በኋላ ባሉት ውጊያዎች ሦስት ሰው ሞተብን። እኔም ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሬ «ጌታዬ፥ ያንን የስማዳውን ረጅም ሰው» እያልሁ እቆም ነበር። እንዲህ ማለት ያሳፍራል፤ የሰው ቤት ደጅ ቆሞ የባለቤቱን ስም እንደ መርሳት ያለ ነገር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ሰንደቅ ዓላማችን ከተሰቀለ በኋላ፥ የዚያ ዓመት መኸር ሲገባ ለስማዳ መንገድ ጀመርሁ። እያነከስሁ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መንገዱ አልነበረም የከበደኝ። እናቱን ማየት ፈርቼ ነው። ልጃቸው የሞተው እኔን ሊያወጣ ወጥቶ ነው፤ እኔ ደግሞ ያለሁት በእግሬ ቆሜ ነው። «አንተ ነህ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ?

ወገዳ ገበያ ላይ ሰይድ የሚባል ጨው ነጋዴ ጠየቅሁ። «የአስማረ እናት? መርዶውን የሰሙ ጊዜ መንኩሰዋል። ጨው ከእኔ ነው የሚወስዱ» አለኝና ሸቀጡን ለጎረቤቱ አስጠብቆ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ሸኘኝ።

እማሆይ ከጎጇቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀጭን ናቸው፤ ትከሻቸው ግን የልጃቸው ነው።

«እንደምን ዋሉ እማሆይ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከየት ነህ ልጄ?»

«ከጋይንት ነኝ። የአስማረ ጓደኛ ነበርሁ።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ቁጭ ብዬ ብናገር እንደምቆራርጠው ስላወቅሁ ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጉብታዋን፥ ጭኔን፥ ጀርባውን፥ ጎኑን። «በእኔ ምክንያት ነው የሞተ» ብዬ ጨረስሁ።

እማሆይ አማተቡ። ከዚያ «ተመስገን» አሉ።

ለመጻፍ አፍራለሁ እንጂ ተናደድሁ። «እማሆይ፥ ለዚህም ተመስገን ይባላል?» አልኋቸው።

«ስለ ሞቱ መሰለህ? ለሞቱማ አልቅሻለሁ፤ ገናም አለቅሳለሁ» አሉኝ። «ሃያ አራት ዓመት ሰጥቶኛል፤ አንድ ቀን ክፉ ቃል ሳይናገረኝ። እንዴት እንደ ሞተ ግን የነገረኝ አልነበረም። ብቻውን ሜዳ ላይ የቀረ መስሎኝ ሌት ተቀን ስቃጠል ኖርሁ። አንተ መጥተህ ሰው ይዞ ገባ አልኸኝ። ከጎኑም ሰው ነበረ አልኸኝ። ታዲያ ምን ልበል ልጄ?»

ጎናቸው ተቀመጥሁ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ሲበርድልኝ የመጣሁበትን ነገር ጠየቅሁ።

«የክርስትና ስሙን ንገሩኝ ብዬ ነው የመጣሁ። ላስበው ቃል ገብቼ ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ።»

«ወልደ ሰንበት» አሉኝ።

ወልደ ሰንበት። ሦስት ዓመት ከጎኔ ሆኖ አንድ ቀን ያልጠራሁት ስም ይህ ነበር።

እማሆይ ዞር ብለው አዩኝና «የአንተስ?» አሉ።

«ገብረ ጻድቅ።»

ቀኝ እጃቸውን ከምስሩ አንሥተው አውራ ጣታቸውን በቀለበት ጣታቸው መካከለኛ አንጓ ላይ አሳረፉ። «ይኼ አንተ ነህ?» አሉኝ። አልገባኝም።

«ፊደል አልቆጠርሁም» አሉኝ። «መጀመሪያ በመጣበት ክረምት "እናቴ፥ ለጓደኞቼ ጸልዪላቸው" አለኝ። እረሳለሁ ስለው አራቱን ጣቴን ይዞ በየአንጓው አንድ አንድ ስም አስያዘኝ። አሥራ ሁለት ሆናችሁ ሞላችሁልኝ። ይኼ የጠቋሚ ጣቴ የመጀመሪያ አንጓ የእሱ ነው። ይኼኛው ገብረ ጻድቅ፥ የጋይንቱ። ከዚያ ወዲህ ሳልጠራችሁ እህል ቀምሼ አላውቅም።»

ሽንብራ የቆረጠምንበትን ቀን አስታወስሁ፤ አውራ ጣቱን ጫን ያደረገበትን። እኔ ጉብታዋ ላይ ስወድቅ ብቻዬን የጸለይሁ መስሎኝ ነበር። ስማዳ ውስጥ አንዲት እናት ጠዋት ጣቷን ይዛ ስሜን ጠርታ ጨርሳ ነበር።

«እስቲ ንገረኝ፥ ማን አለ?» አሉኝና ከአስማረ ቀጥሎ ካለው አንጓ ጀመሩ። «ወልደ ገብርኤል፥ የእስቴው፥ አለቃችሁ።»

«ደኅና ነው። መካነ ኢየሱስ አጠገብ ያርሳል።»

«ተመስገን። ኃይለ ማርያም፥ ያ ዘፋኙ?»

«ዐርፏል።»

«ነፍሱን ይማር።» አንጓውን ትንሽ ጫን አድርገው ወደሚቀጥለው አለፉ። ራሱን አስማረን ጨምሮ ሰባት ጊዜ ነፍሱን ይማር ተባለ፤ አምስት ጊዜ ተመስገን። ጓደኞቼን ሁሉ በክርስትና ስማቸው ያወቅኋቸው በዚያ ቀን ነው። ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ድረስ ቅደም ተከተሉን አስጠኑኝ፤ ስሳሳት ጣቴን መታ ያደርጉኛል። በማግስቱ ምስር አስይዘው ሸኙኝ።

ከዚያ ወዲህ እስካረፉ ድረስ በየዓመቱ ከመኸር በኋላ እሄድ ነበር። አሁን ፀጉሬ ነጥቷል፤ ከአሥራ ሁለቱ የቀረነው ግዛውና እኔ ብቻ ነን። አሥሩን ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ፥ ሁለታችንን ያሰንብተን እላለሁ። ጠዋት በሬ ከመጥመዴ በፊት ነው፤ በዓልም ሆነ ሥራ ቀን አላስታጎልሁም። ብርቱ ሰው ስለሆንሁ አይደለም፤ እጄ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ስላለ ነው።

እማሆይ ባረፉ ጊዜ ቸግሮኝ ነበር። ወለተ ማርያም ናቸው፤ አስቀድሜ ጠይቄያለሁ፥ ሁለተኛ አልሳሳትም። ነገር ግን አሥራ ሁለቱ አንጓ ተይዟል፤ የሚቀመጡበት የለም። ብዙ ሳስብ ቆይቼ አውራ ጣቴን ሰጠኋቸው፤ ሌሎቹን ሁሉ እየዞረ የሚነካ እሱ ነውና።

እስከ ዕለተ ሞቴ ስለው አስማረ «ረጅም ነው እኮ» ብሎኝ ነበር። አልረዘመብኝም።