ሳቢራ የቆረጠችው ነጠላ ጫማ

ሳቢራ ግራኝ ናት። ጅማ ሳለች እናቷ እየተቆጣች መብሉን በቀኝ እጇ አስለመደቻት፤ በግራዋ መሥራቱን ግን ማንም ሊያስተዋት አልቻለም። ዲቪ ደርሷት አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ስትገባ ያገኘችው ሥራ ደግሞ መቁረጥ ሆነ። ሞርስ ሮድ አካባቢ ቤት ተከራይታ፣ ከከተማው ዳር ያለ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ ከተር ይዛ ቀኑን ሙሉ ስትቆርጥ ትውላለች።

የምትቆርጠው አዲስ ነጠላ ጫማ ነው። አዎ፣ አዲስ። ቤክስሊ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ያለች አንዲት ወይዘሮ በስልኳ አንዱን ጫማ በሦስት ቁጥር ታዛለች፤ አንዱን ታስቀርና ሁለቱን ሪተርን ታደርጋለች። ካምፓኒው የተመለሰውን ፈትሾ እንደገና ከመሸጥ መጣሉ ይቀለዋል፤ በርካሽ ቢሸጠው ወይ ለድሃ ቢሰጠው ስሙ የሚረክስበት ይመስለዋል። ስለዚህ ሳቢራ ከጫማው ሥር ያለውን መለያ ቁጥር ስካን ታደርጋለች፣ ማሰሪያውን ሁለት ቦታ ትቆርጣለች፣ ማሽኑም «ተወግዷል» ብሎ ይመዘግባል። ደህናውን ጫማ መቁረጥ እጅ ይይዛል። ግን ሱፐርቫይዘሯ ጋሼ ገብረየስ «አይዞሽ፣ ይቀልጥና የልጆች መጫወቻ ሜዳ ምንጣፍ ይሆናል» ብለዋታል። አመነቻቸው። ለምን አታምናቸው? በሱዳን ተሰደው የመጡ፣ ሃያ ዓመት ለፍተው ቤት የገዙ ሰው ናቸው፤ ሥራውንም ያስገቧት እሳቸው ናቸው።

ይህንኑ ለወንድሟ ለጁነዲን በስልክ ስታወራው ትኮራ ነበር። ጁነዲን በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያ የባሕር ጠረፍ ካለች ትንሽ ደሴት ደርሶ፣ እዚያው አግብቶ ዓሣ አጥማጅ ሆኗል። ባሕር አይቶ የማያውቅ የጅማ ልጅ መረብ ሲቋጥር ለማየት የደሴቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይቀመጡ ነበር አሉ። እንጀራው ጣቶቹ ነበሩ።

ባለፈው ሰኔ ደወለላት። ባሕር ላይ ሳለ አንድ ጆንያ የጫማ ቁርጥራጭ ከጀልባው ሞተር ላይ ተጠመጠመ። እጁን ሰዶ ሲጎትት ሞተሩ ድንገት ተነሣ፤ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ወሰዳቸው። «ባሕሩ ዳርቻ በሙሉ ይኸው ነው፣ ሳቢ» አላት። «ወደቡ ላይ በኮንቴይነር ይመጣል። ሁሉም የተቆረጠ ስለሆነ የሚገዛው ይጠፋል፤ ከዚያ ይደፉታል።» ፎቶም ላከላት።

ሳቢራ ፎቶውን አጉልታ አየችው። ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው ሲቆርጥ ስለቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ የእሷ ወደ ሌላው ነው። ከሚቆርጡት ሁሉ ግራኝ እሷ ብቻ ናት። አሸዋው ላይ ከተቆለለው ግማሹ የእሷ እጅ ነበር።

በማግስቱ ፎቶውን ለጋሼ ገብረየስ አሳየቻቸው። አልደነገጡም። ክፋቱ ይኼ ነው፣ አልደነገጡም። «ማቅለጡ ውድ ሆነና ቀረ። ከላይ የመጣ ነው። አንቺ ትቆርጫለሽ፣ እኔ ቀለጠ ብዬ እፈርማለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የኛ ጉዳይ አይደለም» አሏት። የወንድምሽ እጅ እንዴት ሆነ እንኳ አላሉም። ይልቅ እንደ ማጽናናት አድርገው፣ «ደግሞ ባሕር ሰፊ ነው» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

ቂሙ የገባው እዚያች ቃል ላይ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። «እሺ፣ ጋሼ» ብላ ወደ ከተሯ ተመለሰች። ሦስት ወር ሙሉ ሰላምታ ሳታጓድል፣ አንጀቷ እያረረ ቆረጠች። አንድ ነገር ታውቃለቻ። አንዴ «ተወግዷል» የተባለ ቁጥር ዳግም ስካን ከተደረገ ማሽኑ ቀይ አብርቶ የሥራውን መስመር፣ ላይኑን ያቆማል፤ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ የተመለሰበትን ምክንያት ሞልቶ ካልፈረመ አይንቀሳቀስም።

እትዬ አፀደ የሚባሉ ጎረቤቷ ሞምባሳ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ነበር። የኛ ሰው ሲመለስ መቼም ያለ ሰው አደራ አይመለስም። ሳቢራ ኮል አድርጋ አንድ ሻንጣ አስለቀቀቻቸው። ጁነዲን ዕቃውን ሞምባሳ ድረስ ሲያመጣ እትዬ አፀደ እንደ ወጉ ከፍተው ፈተሹ፤ የሰው ዕቃ ሳያዩ አይያዝም። ሠላሳ አንድ የተቆረጠ ነጠላ ጫማ። «ልጄ፣ አሜሪካ ቆሻሻ አጥቶ ነው እኔ ተሸክሜ የምሄደው?» አሉት። ጁነዲን እጁን ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው። እትዬ አፀደ የራሳቸውን ቅመም ቀንሰው ቦታ ሰጡት።

ሻንጣው በደረሰ በሳምንቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከካምፓኒው ሁለት ሰዎች ለጉብኝት መጡ። ጋሼ ገብረየስ ከረባት አስረዋል። ሳቢራ ከቦርሳዋ የመጀመሪያውን አውጥታ ስካን አደረገች። ቀይ በራ፤ ላይኑ ቆመ። ጋሼ መጥተው ሞልተው ፈረሙ። ሁለተኛውም ቀይ፣ ሦስተኛውም ቀይ። አራተኛው ላይ ጫማውን ሲያገላብጡት አሸዋና የደረቀ የባሕር ሣር እጃቸው ላይ ቀረ። ያኔ ገባቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

እንግዶቹ አጠገባቸው ቆመው ያያሉ። እሳቸው በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሳቢራ፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ። እኔ አይደለሁም ሥራ ያስገባሁሽ? ያጎረሰ እጅ ይነከሳል?» አሏት።

«ወንድሜ የሚጎርስበት እጅ የለውም።»

«ምክንያቱ ላይ ምን ብዬ ልሙላ?»

«ባሕሩ ጠበበ ብለህ ጻፍ» አለችው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። እኔም ከዚህ ወዲያ አንቱ አልለውም። ሳቢራ ወደ እንግዶቹ ዞራ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፎቶውንም አሳየቻቸው። አንደኛዋ ስታይ ቆይታ «ቀጥይ» አለቻት። ቀጠለች። ሠላሳ አንዱንም ስካን አደረገች፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ ገብረየስን አስፈረመችው። የመጨረሻውን ፈርሞ ቀና ሲል አላሳዘናትም።

በዚያው ሳምንት ሳቢራም ገብረየስም ተባረሩ። መቁረጡ ግን አልቆመም፤ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ገባ። ሳቢራ አሁን ሂልቶፕ አካባቢ ቢሮ ታጸዳለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጁነዲን ደወለ። «ልብሽ ረካ?» አላት።

«አልረካም። እሱ ፈራሚ ነው፤ ላኪዎቹ ከላይ አሉ። እዚያ ስንት ቀረ?»

«ስፍር ቁጥር የለውም፤ ትናንትም ገብቷል። ግን እኮ ተባረሻል፣ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ጫማ ለመመለስ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም» አለችው። «የቤክስሊዋ ወይዘሮ እንደምታደርገው በፖስታ እመልስላቸዋለሁ፤ ስካን ባደረጉት ቁጥር ላይኑ ይቆማል። አንተ ሰብስብ፤ ወደዚህ የሚመጣ ሰው እኔ እፈልጋለሁ።»