አባቴ አማርኛ የጠፋበት ክረምት

አራተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት አባቴ አማርኛ ጠፋበት። በቾ ቦሬ ሰፈር ከነበረችው የልብስ ስፌት ሱቁ ውስጥ ተዝለፍልፎ ወድቆ ሆስፒታል ሰነበተ። ሲመለስ ቀኝ እጁ አይታዘዝም፤ ከአፉ የሚወጣውም በሊሙ ገጠር ያደገበት ኦሮምኛ ብቻ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ እንዲህ ያለ ሕመም ኋላ የተማሩትን ቋንቋ ወስዶ የመጀመሪያውን ሊተው ይችላል።

ቤታችን ግን የአማርኛ ቤት ነበር። ከወሎ የመጣችው እናቴ የምታውቀው ኦሮምኛ ዋጋ ማስቀነሻ ያህል ነው። እኔም ብሆን፣ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ኦሮምኛ የሚቀናቸው ልጆች ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሱልኝ ስለነበር፣ ከእሷ አልሻልም ነበር። እናቴ ሱቁ ውስጥ እሱን ተክታ ስትውል እኔ እርጥብ ግድግዳና መድኃኒት በሚሸተው ክፍል ከአባቴ ጋር እቀራለሁ።

አንድ ቀን «ፎዳ በኒ» አለኝ። ውሃ ሰጠሁት። ደገመው፤ ደግሜ ሰጠሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ድምፁ እንዳይጠፋኝ ጮክ ብዬ እየደጋገምኩ፣ በጭቃው ወደ ጎረቤታችን ወደ አባ ቢያ ሱቅ ሮጥኩ። ሽማግሌው ሳቁ። «መስኮቱን ክፈቺልኝ ነው ያለሽ። በውሃ ልታሰምጪው ነው እንዴ፣ ልጄ?»

ከዚያ ወዲያ ያልገባኝን ሁሉ በአፌ ይዤ መመላለስ ሥራዬ ሆነ። «ዛሬስ ምን ተሸክመሽ መጣሽ?» ይሉኝ ነበር። ጳጉሜ ሲገባ የዕለት ወሬውን ያለ አባ ቢያ እገዛ እሰማው ጀመር። በአማርኛ ዝምተኛና ቁጡ የነበረው አባቴ ለካ በኦሮምኛ ተረበኛ ነው፤ በተንሻፈፈ አፉ አነጋገሬን እያስመሰለ ይስቅብኛል። ያንን አባቴን ያወቅሁት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

አንድ ዓርብ እጄን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ረዘም ያለ ነገር ነገረኝ። የገባኝ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ የሚለው ብቻ ነበር። የቀረውን በአፌ ይዤ ሮጥኩ። አባ ቢያ ለጁምዓ ሶላት ዘግተው ሄደዋል። እየደጋገምኩ ደጃፋቸው ላይ ጠበቅኳቸው። ለምሳ የተመለሰችው እናቴ ስትጮህ የሰማሁት እዚያው ቆሜ ነው። በለቅሶው መሃል ያ ንግግር ከአፌ ጠፋ።

አሁን ሊሙ ገነት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በሁለቱም ቋንቋ ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ። ክፉ ቀን ያስተምራል ሲባል እውነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ያንን ትምህርት ግን ማንም ልጅ እንዲማረው አልመኝም። ገበያ ስወጣ፣ ከልጆቻቸው ጋር የሚያወሩ አባቶች አጠገብ እዘገያለሁ። ምናልባት አንዱ ያንኑ ይል ይሆናል። ብሰማው እለየዋለሁ ብዬ አምናለሁ፤ ትርጉሙን ዛሬ ማንንም አልጠይቅም።