ከማተቡ ጋር የታሰረው የናፍጣ ቁልፍ

አጎቴ አንገታቸው ላይ የእንጨት መስቀልና የናፍጣ ክዳን ቁልፍ ያንጠለጥላሉ። ሁለቱም በአንድ ጥቁር ማተብ የታሰሩ ናቸው። መስቀሉ ከሰይጣን ይጠብቃቸዋል፤ ቁልፉ ደግሞ ከእኔ።

እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ፣ የጭነት መኪናቸውም ሹፌር። እሳቸው ንፋስ መውጫ ላይ እህል ይነግዳሉ፤ ከስማዳ ገበሬ የሚገዙትን ገብስና ባቄላ ከወገዳ ጭኜ የማመጣው እኔ ነኝ። የመኪናዋን ዕድሜ አትጠይቁኝ፣ ከእኔ ትበልጣለች። ሞተሯ አርጅቶ ናፍጣ እንደ ውሃ ይጠጣ ነበር። አጎቴ ግን ሞተር ናፍጣ ይጠጣል ብለው አያምኑም። የሚጠጣው ሹፌር ነው።

የማታ ማታ ሞተሩ ወረደ። ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ መጥቶ እኛ ከተማ ጋራዥ የከፈተ አንድ መካኒክ ፒስተኑን፣ ፋሻውን፣ ብሮንዚኑን ሁሉ ቀይሮ እንደ አዲስ ገጠመው። “ሙሽራ አደረግኋት” አለ። አልዋሸም፣ ድምጿ ያምር ነበር። በዚያው ሰሞን አጎቴ ደብረ ታቦር ወርደው ቁልፍ ያለው የናፍጣ ክዳን ገዝተው መጡ። ቁልፉ ብቻ አልበቃቸውም፤ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጠው በክዳኑ ውስጥ በገዛ እጃቸው ጠቀጠቁበት። ከዚያ እኔን እኔን እያዩ “እንግዲህ በዚህ በኩል ትንኝ አታልፍም” አሉ። ትንኟ እኔ መሆኔ ነው።

የታደሰ ሞተር ከአሮጌው ያነሰ ናፍጣ እንደሚፈጅ መሪ የጨበጠ ሁሉ ያውቃል። አጎቴ ግን የራሳቸው ስሌት ነበራቸው፦ “ከቆለፍኩ ወዲህ ናፍጣው መጉደሉን ተወ። እስከ ዛሬ ማን ሲወስደው እንደኖረ እግዜር ያውቃል።” ነገሩን ለእግዜር ብቻ ቢተዉት ጥሩ ነበር። ለገበያው ሁሉ ነገሩት።

መኪናዋ መታመም የጀመረችውም ያኔ ነው። ሜዳ ላይ ምንም አትልም። ጭነት ይዛ ዳገት ስትጀምር ግን ጉልበቷ ይከዳታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ጸጥ! ጎማዋ ሥር ታኮ አስገብቼ እደውላለሁ። አጎቴ በባጃጅ፣ ራቅ ካለም በሚኒባስ ይመጣሉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው እንደ ሐኪም ቀስ ብለው ይወርዳሉ። “አንተ ወደ ፊት ሂድ፣ እዚህ አትቁም” ይሉኛል። ማተብ አይወልቅምና አንገታቸውን ወደ ሳልባትዮው፣ ወደ ናፍጣ ማጠራቀሚያው ማለቴ ነው፣ ደፍተው በዚያ አጭር ክር “በስመ አብ” እያሉ ክዳኑን ይከፍታሉ። በስልካቸው መብራት ውስጡን ያያሉ። ናፍጣው አለ። መልሰው ይቆልፉና “በል አስነሳ!” ይላሉ።

ትነሳለች! አንድ ጊዜ እንኳ ብታሳፍራቸው ምን ነበረበት?

ሰው መቼም ወሬ አያጣም። “የእሳቸው እጅ የተባረከ ነው፤ ባለቤቷን ታውቃለች” ተባለ። እሳቸውም አላስተባበሉም። እኔን ሲያገኙኝ ግን “ለእኔ የምትነሳ መኪና ላንተ የምትጠፋው ለምንድን ነው? መስረቂያ ስታጣ ቁልፉን እንድሰጥህ አውቀህ ነው የምታጠፋት” ይሉኛል።

መካኒኩ ዘንድ ወሰድኳት። ወደ ሞተሩ የሚሄደው ናፍጣ ግፊት አንሶት ይሆናል አለና ፊልትሮውን ቀየረ፣ ቧንቧውን ፈታትቶ የገባ አየር ካለ አስወጣ፣ ፓምፑን አውርዶ ፈተሸ። በመጨረሻ እንደ ጋራዥ ደንብ ናፍጣ የሞላ ጀሪካን ከፍ አድርጎ ሰቀለና በቱቦ ከሞተሩ ጋር አገናኘው። መለኪያውን ገጠመ። ግፊቱ ንቅንቅ አላለም፤ ሞተሯም እስኪመሽ ስትዘፍን ዋለች። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ “የእኔ ሞተር ጤነኛ ነው” አለ። ከሞተሩ ሌላ መኪናዋ ውስጥ የሚጠረጠር የቀረው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ወሰኑ፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ የንስሐ አባታችን ባሉበት እንድምል። ናፍጣ አልሰረቅኩም፣ መኪናዋንም አውቄ አላጠፋሁም ብዬ። ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል፣ እውነት ከያዝክ ማል በቃ! እኛ ዘንድ ግን በእውነት የማለም ቢሆን “ያ በናፍጣ የማለው” እየተባለ ነው የሚያረጀው። ከዚያ ወዲያ ማን መሪ ይሰጠዋል? እናቴ የወንድሟን ስም ሰምታ አለቀሰች፣ የእኔን ሰምታ ደግሞ አለቀሰች።

እሑድ ሳይደርስ ወገዳ ተላክሁ። ሌባም ቢሆን ባቄላው ይምጣ እንጂ! ስመለስ ዳገቱ ወገብ ላይ እንደ ልማዷ ቀጥ አለች። ስደውል ኔትወርክ የለም። ፊልትሮው ጋ ያለውን ቧንቧ ፈትቼ የእጅ ፓምፑን ብጫን ብጫን ጠብታ አይመጣም። ደከመኝና ሳልባትዮውን ልደገፍ ብል ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የበጋ ላም ጎን መስሏል። ማን መታብኝ ብዬ ተናደድኩ። የመታው ምልክት ግን የለም። በእጄ የያዝኩትን የውሃ ሃይላንድ ስመጠው እሱም ጎኑ ተጨማደደ። ያኔ ነው ደንግጬ የቆምኩት። ናፍጣው ሲቀንስ በቦታው አየር ካልገባ ፓምፑ ከየት ይስባል? አጎቴ በላስቲክ የደፈኑት እኮ የክዳኑን መተንፈሻ ቀዳዳ ነው! እሳቸው ሲከፍቱ ትተነፍሳለች፣ ሲቆልፉ ትታፈናለች። ይኸው ነው በረከቱ!

ቁልፉ ደግሞ ንፋስ መውጫ፣ አጎቴ አንገት ላይ ነው። ክዳኑን ከሰበርኩ በገዛ እጄ ሌባ ሆኜ ልገባ ነው። ካልሰበርኩ እዚያው ዳገት ላይ ልከርም ነው። “ድሮም ሌባ ብለውኝ የለ!” አልኩና ካቻቢቴና መዶሻ አነሳሁ። ክዳኑ ሲላቀቅ ሳልባትዮው አየሩን ሲስብ ሹልልል አለ፣ ጎኑም ዷ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። መኪናዋ ዳገቱን ያለ አንዳች ችግር ወጣች። እኔም አፉን በጨርቅ ሸፍኜ እየዘፈንኩ ገባሁ።

ዘፈኔ የቆየው እስከ ግቢያቸው በር ነው። “ያዝኩህ!” አሉ አጎቴ የተሰበረውን ክዳን ይዘው። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። “ብረት ይተነፍሳል ልትለኝ ነው?” አሉ።

“ጋሼ፣ ሌላ ክዳን ይግዙ። በእጅዎ ይድፈኑት፣ በእጅዎ ይቆልፉት። ከዚያ አብረውኝ ይውጡ፤ ጎኔ ቁጭ ብለው ካልጠፋች እምላለሁ” አልኳቸው።

ይህ ክብራቸውን ነካው። ቅዳሜ አዲስ ክዳን ገጠሙ፣ ላስቲክ ጠቀጠቁ፣ ቆለፉ፣ ጭነት አስጫኑ፣ ጎኔ ተቀመጡ። ዳገቱ ወገብ ላይ መኪናዋ ተንቀጠቀጠችና ባለቤቷን ሳታፍር ቀጥ አለች። አጎቴ ቁልፉን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። ወርደው አንገታቸውን ደፍተው ከፈቱ። ሹልልል አለ። ዷ አለ። ይህን ጊዜ ወደ ፊት ሂድ የሚለኝ አልነበረም።

“ይህን ድምፅ ሁልጊዜ እሰማው ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “ስታየኝ ደስ ብሏት የምትተነፍስ ይመስለኝ ነበር።”

ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ላስቲኩን በጣታቸው ጎትተው አወጡት፤ ሥሩ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለች። ላስቲኩን ኪሳቸው ከተቱና “ይህን ነገር እኔና አንተ እንወቀው” አሉ። ነገ እውነቱን ሊናገሩልኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ አደርኩ። ሞኝ!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ በሩ ላይ ተሰበሰበ። አጎቴ ወደ ንስሐ አባታችን ቀረቡና ሁሉም እንዲሰማ “አባ፣ መማሉ ይቅር። የእህቴ ልጅ ነው፣ ይቅር ብዬዋለሁ!” አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ “አየህ የአጎትህን ደግነት፤ ሁለተኛ እንዳይለምድህ” አለኝ። ደሜ ፈላ። ሌባ ሲሉኝ እንኳ እንደዚያ አላመመኝም።

“አባ፣ እኔ እምላለሁ” አልኩ።

“ምሬሃለሁ እያልኩህ!” አሉ አጎቴ።

“ይቅር የሚባል የሰረቀ ነው ጋሼ። እኔ ምን አድርጌ?” ብዬ እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁ። ጣቴ እንጨቱን ሳይነካ አጎቴ ክንዴን ያዙኝ።  ሰው ይፈራሉ፤ የቤተ ክርስቲያን በር ግን ይበልጥ ይፈራሉ።

“አይማል አባ” አሉ በሹክሹክታ። “ልጁ ምንም አልወሰደ። ክዳኑን የደፈንኩት እኔ ነኝ።”

የንስሐ አባታችን ጆሯቸው ደከም ብሏል። “ምን አልክ ልጄ? ጮክ በል፤ ሕዝቡም ይስማ።”

አጎቴ ማተባቸውን ከነቁልፉ ጨብጠው ደገሙት፤ ከቅጥሩ ውጭ የቆመ ሁሉ ሰማ። እልል ያለ የለም። ስንት ወር ሙሉ በሳቸው ስሳለቅ የከረምኩት እኔ እዚያው ሰው መሀል ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።